የፕላንና ልማት ሚኒስቴርን ማዘመን፦ ጎንደር ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ የልማት ዕቅድ ነገር ሲነሳ ወሬው ብዙ ሳይቆይ ወደ ውኃ ፈረቃ፣ ወደ መገጭ ግድብ ወይም ወደ መንገድ ይዞራል። መዞሩ አይደንቅም፤ ሰው ዕቅድን የሚያውቀው በሰነዱ ሳይሆን በቧንቧው ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከነዋሪዎች፣ ከመንግሥት ሠራተኞችና ከተማሪዎች በየጊዜው የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ የየትኛውም መሥሪያ ቤት ይፋዊ አቋም አይደሉም፤ በወጡ ሕጎችና በሚታወቀው አሠራር ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ የጸሐፊው አስተያየት በገባበት ቦታ አስተያየት መሆኑ ተገልጿል።

አገር አቀፍ የልማት ዕቅድ የሚያዘጋጀው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?

የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር ለመወሰን በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት ይህ ኃላፊነት የፕላንና ልማት ሚኒስቴር ነው። ሚኒስቴሩ የረጅምና የመካከለኛ ዘመን ዕቅዶችን ያዘጋጃል፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዕቅዶች ከአገር አቀፉ ዕቅድ ጋር መጣጣማቸውን ይመረምራል፣ አፈጻጸማቸውን ይከታተላል፣ እንዲሁም የሥነ ሕዝብ ጉዳዮችን ከልማት ጋር የማስተሳሰር ሥራ ይሠራል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትም ተጠሪነቱ ለዚሁ ሚኒስቴር ነው። በሥራ ላይ ያለው ዋነኛ ሰነድ ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቀው የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ ሲሆን፣ ኢኮኖሚው በዓመት በአማካይ 10 በመቶ ገደማ እንዲያድግ ያለመ ነው። በአሥር ዓመቱ ውስጥ ደግሞ የመካከለኛ ዘመን ዕቅዶች ይዘጋጃሉ።

መሥሪያ ቤቱ ስሙንና ደረጃውን ይህን ያህል የቀያየረው ለምንድን ነው?

በአገራችን የዕቅድ ሥራ ዕድሜው ረዘም ያለ ነው። በንጉሡ ዘመን ሦስት የአምስት ዓመት ዕቅዶች ወጥተዋል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር የተጀመረው። በደርግ ጊዜ ሥራው በማዕከላዊ ፕላን ሥር ሆኖ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ተነደፈ፤ ዕቅዱ ዘመኑን ሳይጨርስ የደርግ መንግሥት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ዕቅድ ከኢኮኖሚ ልማትና ትብብር ሚኒስቴር ጋር፣ ቆይቶም በገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ሚኒስቴር ውስጥ ከበጀት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረ። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ የፕላን ኮሚሽን ተብሎ ራሱን ቻለ፣ በ2011 ዓ.ም. የፕላንና ልማት ኮሚሽን ተባለ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ ሚኒስቴርነት አደገ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር በግልጽ ይታያል። መሥሪያ ቤቱ በተዋቀረ ቁጥር ጎልቶ የተለወጠው ተጠሪነቱና ደረጃው ነው፤ ከወረዳ መረጃ የሚሰበሰብበት፣ ፕሮጀክት የሚገመገምበትና ዕቅድ ከበጀት ጋር የሚታሰርበት መንገድ ግን በዚያው ፍጥነት አልተለወጠም። እንደ ጸሐፊው እምነት የማዘመን ጥያቄ መጀመር ያለበት ከእነዚህ ሦስቱ ነው። በበሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ በተቀየረ ቁጥር ማኅተምና የደብዳቤ ራስጌ ይቀየራል፤ የልማት ሠራተኛው በየሩብ ዓመቱ የሚሞላው ቅጽ ግን ያው እንደነበረው ሆኖ ይቆያል።

ማዘመን ማለት ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ማስገባት ማለት አይደለም እንዴ?

ያንንም ይጨምራል፤ ያ ብቻ ከሆነ ግን የድሮውን አሠራር በአዲስ ዕቃ ላይ መጫን ነው። የኢፌዴሪ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለውን ስትራቴጂ ካጸደቀ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ሥርዓት የመዘርጋት ሩጫ መታየቱ እውነት ነው፤ በዕቅድ ዘርፍም የአፈጻጸም መከታተያ ዳሽቦርድ የሚለው ቃል የስብሰባ ሁሉ ማድመቂያ ሆኗል። ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ግን የተመገበውን ብቻ ነው። ከቀበሌ የመጣው ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ በቀለም ያጌጠ ስሕተት ይሆናል፤ ከዚያም የከፋው፣ በወረቀት ሲሆን ይጠራጠረው የነበረ ኃላፊ በስክሪን ሲያየው ማመኑ ነው።

ዘመናዊ የዕቅድ መሥሪያ ቤት የሚባለው ሦስት ነገር ማድረግ የሚችል ነው። አንደኛ፣ በሪፖርት ላይ ያለ አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ እስከ ምንጩ ተከትሎ ማሳየት ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥናቱ ያልተሟላ ፕሮጀክት ሲቀርብለት፣ ያቀረበው ማንም ይሁን ማን፣ «ይህ ገና አልበሰለም» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛ፣ ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ግብ የትኛው የበጀት መስመር ላይ እንዳረፈ ያውቃል። ሶፍትዌር እነዚህን ሦስቱን ሲያቀላጥፍ ጠቃሚ ነው። በተለይ ሁለተኛው ግን በሶፍትዌር የሚመጣ አይደለም፤ ሕግና የሕጉን ክብር የሚያስጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

የዕቅድ ቁጥሮች ከየት ነው የሚመጡት? ለምንስ አይታመኑም?

ሁለት ምንጭ አላቸው። አንደኛው የስታቲስቲክስ አገልግሎት በቆጠራና በናሙና ጥናት የሚሰበስበው ሲሆን፣ ሌላኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሥራቸው ሂደት የሚመዘግቡት፣ አስተዳደራዊ መረጃ የሚባለው ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ሕመም አለባቸው።

በመጀመሪያው እንጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አገሪቱ የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው በተያዘለት ጊዜ ሳይካሄድ እየተራዘመ መጥቶ በ2011 ዓ.ም. የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በድጋሚ አራዘመው። ይህ ለጎንደር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 207,044 ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሰው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ተነስቶ በዕድገት መጠን እየተባዛ የሚገኝ ትንበያ ነው። ትንበያው ደግሞ ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ አቅጣጫ የተስፋፋውን ሰፈር፣ ከገጠር የገባውን፣ ከግጭት የተፈናቀለውንና ለዩኒቨርሲቲው ብሎ የመጣውን ሰው በትክክል ሊይዝ አይችልም። የውኃ ፍላጎት፣ የመማሪያ ክፍል፣ የጤና ጣቢያ ብዛት፣ ከክልል የሚመጣው የበጀት ድጎማ ሳይቀር በዚህ ትንበያ ላይ ነው የሚሰላው። የድህነት መጠንም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የአሥር ዓመቱ ዕቅድ ሲወጣ በእጅ የነበረው የመጨረሻ ልኬት በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ያሳየው 23.5 በመቶ ነበር።

አስተዳደራዊው መረጃ የሚያልፍበትን መንገድ ደግሞ አንድ ቀላል ምሳሌ ያሳያል። በአንድ ገጠር ቀበሌ የእጅ ጉድጓድ ተቆፈረ እንበል። የቀበሌው ሠራተኛ በቅጹ ላይ «የተቆፈረ ጉድጓድ፣ አንድ» ብሎ ይጽፋል። ወረዳው ይህን በኤክሴል ላይ ከሌሎች ቀበሌዎች ጋር ደምሮ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ለዞን ይልካል፤ ዞኑ ደምሮ ለክልል፣ ክልሉ ደምሮ ለፌዴራል። በየደረጃው ድምሩ ይቀጥላል እንጂ ወደ ጉድጓዱ የሚመለስ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓምፑ ተበላሽቶ ሴቶቹ ወደ ድሮው ምንጭ ቢመለሱም፣ በሽፋን ስሌት ውስጥ ያ ቀበሌ ንጹሕ ውኃ ያገኘ ሆኖ ይቀጥላል፤ ምክንያቱም ቅጹ የሚጠይቀው የተቆፈረውን እንጂ ዛሬ ውኃ የሚሰጠውን አይደለም። በዚህ ውስጥ የዋሸ ሰው ላይኖር ይችላል። ሠራተኛውም፣ ወረዳውም፣ ዞኑም የተጠየቁትን በትክክል መልሰዋል።

ስለዚህ ቅጹን መለወጥ ሰርቨር ከመግዛት ይቀድማል። የጤናው ዘርፍ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን የመረጃ ሥርዓት በመዘርጋት መረጃ ከጤና ተቋሙ ጀምሮ በተቋም ደረጃ ተለይቶ እንዲታይ ማድረግ መቻሉ ለሌሎች ጥሩ ትምህርት ነው። ሚኒስቴሩ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱን ሥርዓት እንዲሠራ ከመተው ይልቅ፣ ሥርዓቶቹ የሚነጋገሩበትን የጋራ መለያ ማውጣት ላይ ቢያተኩር ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት፣ የውኃ ተቋምና ፕሮጀክት አንድ የማይለወጥ መለያ ቁጥር። አሁን የአንድ ቀበሌ ስም በሦስት መሥሪያ ቤት ሰነድ ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ፣ መረጃውን የሚያስታርቀው ባለሙያ ሙሉ ቀን በዚያ ላይ ያባክናል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ለሰው ያደረገውን፣ ለተቋማትና ለአካባቢዎችም ማድረግ እንደማለት ነው።

ፕሮጀክቶች የሚጓተቱት ለምንድን ነው? መሥሪያ ቤቱ ቢዘምን ምን ይለወጣል?

ይህ ጎንደር ላይ በብዛት የሚነሳው ጥያቄ በመሆኑ መልሱም ይረዝማል።

ብዙ ጊዜ መጓተት ሲነሳ ተቋራጩ፣ የውጭ ምንዛሪው ወይም የካሣ ክፍያው ተጠያቂ ይሆናል። ሁሉም ድርሻ አላቸው። የብዙ ፕሮጀክቶች መዘግየት ግን የሚጠነሰሰው የመሠረት ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት ነው። የአፈር ጥናቱ ሳይጠናቀቅ ዲዛይን ይወጣል፤ ዲዛይኑ ሳያልቅ ጨረታ ይወጣል፤ ጨረታው ሲያልቅ የሚነሡት ገበሬዎች ቁጥር ገና አልታወቀም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ የዲዛይን ለውጡ፣ የዋጋ ማስተካከያው፣ ተጨማሪ የጊዜ ጥያቄው፣ ቀድሞ የታየ ውጤት ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ለአሥር የሚበቃ በጀት ለሠላሳ ፕሮጀክት ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ለዓመቱ ጥቂት ይደርሰዋል፣ ተቋራጩም ክፍያ ሲዘገይበት ማሽኑን አንሥቶ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል።

ይህን ለማረም በ2012 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የልማት ፕሮጀክቶች አስተዳደርና አፈጻጸም ሥርዓትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1210/2012 ወጥቷል። የአዋጁ ፍሬ ነገር አንድ ፕሮጀክት በጀት ከመያዙ በፊት በቅድመ አዋጭነትና በአዋጭነት ጥናት እንዲያልፍ፣ ጥናቱም ከፕሮጀክቱ ባለቤት ውጭ ባለ አካል እንዲገመገም ማድረግ ነው። ግምገማው የወደቀው በአሁኑ የፕላንና ልማት ሚኒስቴር ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ከመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ግብ መጻፍ ማንንም አያስቀይምም፤ የሌላ ሚኒስቴርን ፕሮጀክት መመለስ ግን ያስቀይማል። የመሥሪያ ቤቱ መዘመን የሚፈተነው በዓመት ስንት ፕሮጀክት አሳለፈ በሚለው ሳይሆን ስንቱን፣ በምን ምክንያት መለሰ በሚለው ሲሆን፣ ይህም ዝርዝር ለሕዝብ ቢወጣ መልካም ነበር።

የመገጭ ግድብን ለአብነት እንውሰድ። ለመስኖና ለጎንደር የመጠጥ ውኃ ታስቦ የተጀመረ የፌዴራል ፕሮጀክት ሲሆን፣ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የከተማው ሰው ስለ ፕሮጀክት መዘግየት ሲያወራ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። ዛሬ ከእንዲህ ያለው ፕሮጀክት የሚወሰደው ትምህርት አንድ ግድብ ሁለት አገልግሎት ሲሰጥ ሁለት ባለቤት እንደሚኖረው ነው። የግድቡ ግንባታ በአንድ አካል እጅ ነው፤ ከግድቡ ወደ ከተማው ውኃውን የሚያመጣው ማጣሪያና መስመር ግን የሌላ አካል ሥራ ነው። ግድቡ ቢያልቅና መስመሩ ባይኖር ውኃ ቧንቧ አይደርስም። ሁለቱን በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ አንዱ ሲዘገይ ሌላውን ማንቃት የዕቅድ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ሌላ ማንም በሥልጣኑ ሊሠራው አይችልም።

አንገረብም ሌላ ምስክር ነው። ከተማዋ ለረጅም ዓመታት ውኃ የምትጠጣበት የአንገረብ ግድብ ከተፋሰሱ በሚታጠበው ደለል እየተሞላ የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። ደለሉ የሚመጣው ከላይ ካለው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነው። እርከን መሥራትና ተዳፋቱን በዛፍ መሸፈን የግብርናው ሥራ ነው፤ ውኃውን ማደል የውኃ አገልግሎቱ ነው። የግብርናው ዕቅድ የሚለካው በተሠራው እርከን ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የውኃ አገልግሎቱ የሚለካው በተመረተው ሜትር ኩብ ነው፤ ግድቡ ውስጥ በየዓመቱ የሚጨመረው ደለል ግን በማንም ዕቅድ ላይ አልተጻፈም። ማራኪ ላይ በቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ፈረቃ የሚጠብቅ ቤተሰብ የሚከፍለው የዚህን ክፍተት ዋጋ ነው። ዘመናዊ ዕቅድ እንዲህ ያለውን በሁለት መሥሪያ ቤት መካከል የወደቀ ጉዳይ የጋራ አመልካች ሰጥቶ ለአንድ ተጠያቂ ያሸክመዋል።

ዕቅድና በጀት ለምን አይገናኙም?

ዕቅዱ በግብና በዘርፍ ይጻፋል፤ በጀቱ ደግሞ በመሥሪያ ቤትና በወጪ መደብ ይከፈላል። የፌዴራል መንግሥት ወደ ፕሮግራም በጀት፣ ማለትም ገንዘብ ከሚጠበቀው ውጤት ጋር ተያይዞ ወደሚመደብበት አሠራር፣ መሸጋገሩ ክፍተቱን ለማጥበብ ነበር። ነገር ግን የዕቅዱ መረጃ በአንድ ቋት፣ የገንዘቡ መረጃ በገንዘብ ሚኒስቴር ኢፍሚስ በተባለው የፋይናንስ መረጃ ሥርዓት፣ የክልልና የወረዳው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው አይቤክስ በተባለው የበጀትና የሒሳብ ሶፍትዌር ከሆነ፣ «ለዚህ ግብ ስንት ብር ወጣ?» የሚለውን የሚመልስ አንድ ሰነድ አይገኝም። የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ የሚታየውም ይኸው ነው፦ «የፊዚካል አፈጻጸም 98 በመቶ፣ የበጀት አፈጻጸም 61 በመቶ» ዓይነት ሪፖርት። ሥራው ባልወጣ ገንዘብ እንዴት እንደተሠራ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ሁለቱን ቁጥሮች የሚያዘጋጁት ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ናቸውና።

ጎንደር የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ቢዘምን ምን ይጠቅማታል? የከተማዋን ዕቅድ የሚያወጣው ክልሉ አይደለም ወይ?

ትክክል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የአገሪቱን አጠቃላይ የልማት ዕቅድ ለፌዴራል መንግሥት፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ የክልልን የልማት ዕቅድ ለክልሉ ሰጥቷል። ስለዚህ ሚኒስቴሩ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትእዛዝ አይሰጥም፤ የከተማው ዕቅድ በከተማው ምክር ቤት ጸድቆ ከክልሉ የፕላንና ልማት ቢሮ ጋር ይያያዛል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ከፌዴራሉ ይወርዳል። አንደኛው መለኪያው ነው፤ ክልሎች አመልካቾቻቸውን ከአገር አቀፉ ጋር ስለሚያጣጥሙ፣ ላይ ያለው ቅጽ ከተሻሻለ ታች ያለውም ይሻሻላል። ሁለተኛው በከተማዋ የሚካሄዱት የፌዴራል ሥራዎች ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ግንባታ፣ ዋና ዋና መንገዶች፣ መገጭ፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ እድሳት በከተማው ምክር ቤት በጀት የሚሠሩ አይደሉም። የከተማው ዕቅድ አውጪ በገዛ ከተማው ውስጥ የሚካሄድን የፌዴራል ፕሮጀክት የጊዜ ሰሌዳ በዜና ከሚሰማ ይልቅ በጋራ ሥርዓት ላይ ቢያየው፣ ቢያንስ ትናንት የተነጠፈ አስፋልት ዛሬ ለቧንቧ አይቆፈርም ነበር።

የግንባታ ፈቃድና የካርታ ጉዳይ በዚህ መሥሪያ ቤት ይስተናገዳል?

አይስተናገድም። የይዞታ፣ የፈቃድና የመዋቅራዊ ፕላን ጉዳይ የከተማው አስተዳደርና የክፍለ ከተሞቹ ሥራ ነው።

ከዚህ በፊትም ቢፒአር፣ ቢኤስሲና ካይዘን መጥተው ሄደዋል። ይህኛውስ በምን ይለያል?

ጥርጣሬው ተገቢ ነው። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) ሲመጣ ግድግዳዎች ፈርሰው ሠራተኛው በአንድ አዳራሽ ተቀመጠ፤ የሚዛናዊ ውጤት ተኮር ሥርዓቱ (ቢኤስሲ) ሲመጣ ሁሉም ሰው የራሱን ውጤት ሞልቶ በጥሩ ነጥብ አለፈ፤ ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ደግሞ በብዙ ቦታ የፋይል መደርደሪያ ላይ የቀለም ምልክት ትቶ ሄደ። ሐሳቦቹ በራሳቸው መጥፎ አልነበሩም፤ አንዳንድ ቦታም በጎ ለውጥ አምጥተዋል። ድክመቱ ሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስድ መደረጉና ለውጡ በተሰጠው ሥልጠና ብዛት መለካቱ ነበር። የዕቅድ መሥሪያ ቤትን ማዘመን ከዚያ የሚለየው፣ ከተለየ፣ አገልግሎት ፈላጊው ባለጉዳይ ሳይሆን ውሳኔ ሰጪው መሆኑ ላይ ነው። የምክር ቤት አባል፣ ሚኒስትርና የክልል ኃላፊ ከዕቅድ መሥሪያ ቤቱ የሚመጣላቸውን ትንታኔ ተጠቅመው ውሳኔ ካልቀየሩ፣ ለውጡ አልመጣም ማለት ነው። መንግሥት በየ100 ቀኑ የሚያካሂደው የአፈጻጸም ግምገማም የሚመዘነው በዚሁ ነው፤ በመድረኩ ላይ ቁጥር መቅረቡ ጥሩ ነው፤ ከግምገማው በኋላ የተዘጋ ፕሮጀክት ወይም የተዛወረ በጀት መኖር አለመኖሩ ግን ይበልጣል።

የሰው ኃይሉስ?

ዕቅድ የሚሠራው በሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይለቃል። ኢኮኖሚክስ ወይም ስታቲስቲክስ ተምሮ ወደ ወረዳ የዕቅድ ክፍል የሚመደብ ወጣት የመጀመሪያዎቹን ወራት ሪፖርት በመደመር ያሳልፋል፤ ትንሽ ልምድ ሲያገኝ ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ ወደ ባንክ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። የሄደው ሰው ኤክሴሉን በላፕቶፑ ይዞ ስለሚሄድ ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል። ደመወዝ ዋናው ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው አይደለም፤ የጻፈው ትንታኔ ተነብቦ የማያውቅ ባለሙያ ደመወዙ ቢጨመርም ልቡ አይቆይም።

በዚህ ረገድ ጎንደር ዕድለኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከመነሻው ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ አሰማርቶ ችግር በማስጠናት የታወቀ ነው። ያ ልማድ ከጤናው ወጥቶ ወደ ልማት ዕቅድ ቢሻገር፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች የአፈጻጸም ሪፖርት ላይ ቢሠሩ፣ «98 በመቶ» የተባለው ምን ያህሉ መሬት ላይ እንዳለ የሚያጣራ ገለልተኛ ዓይን በርካሽ ይገኝ ነበር።

የሌሎች አገሮች ልምድ ምን ያሳያል?

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቋቋመችው የኢኮኖሚ ፕላን ቦርድ ዕቅድንም በጀትንም በአንድ እጅ ይዞ ስለነበር ቃሉ ይከበር ነበር፤ አገሪቱ ስታድግ ግን በ1994 ከገንዘብ ሚኒስቴሩ ጋር ተዋሐደ። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የነበረውን የፕላን ኮሚሽን ዘግታ እ.ኤ.አ. በ2015 ኒቲ አዮግ በተባለ አማካሪ ተቋም ተካችው፤ አዲሱ ተቋም እንደ ቀድሞው ለክልሎች ገንዘብ የማከፋፈል ሥልጣን የለውም። ለእኛ በጣም የሚቀርበው ግን የቺሊ ልምድ ይመስለኛል። እዚያ የመንግሥት ፕሮጀክቶች ገንዘብ ከመጠየቃቸው በፊት ከባለቤቱ መሥሪያ ቤት ውጭ ባለ አካል ይገመገማሉ፤ የማለፊያ ማረጋገጫ ያላገኘ ወደ በጀት አይደርስም። ሥርዓቱ ለአሥርት ዓመታት የቆየው መንግሥት ሲለወጥ አብሮ ስላልተለወጠ ነው።

ሰላም በሌለበት ስለ ዕቅድ መሥሪያ ቤት መዘመን ማውራት ቅንጦት አይሆንም?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራ ሲያቆም የሩብ ዓመት ሪፖርት ማን ያስባል? ሆኖም ግጭት ባለበት ቦታ የተለመደው ዕቅድ ሰው ባልተገኘበት ቦታ አፈጻጸም እየሞላ ከቀጠለ፣ በኋላ መልሶ ግንባታ ሲመጣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደፈረሰ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ መድኃኒት እንዳጣ የሚታወቅበት መነሻ አይኖርም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ መሥሪያ ቤቱ የሚያስፈልገው አጭር ቅጽ ነው፦ የሚሠራ፣ የማይሠራ፣ ያልታወቀ። «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ የማያስወቅስበት ሥርዓት መፍጠር ራሱ ትልቅ መዘመን ነው።

አንድ ነዋሪ ዕቅዱንና አፈጻጸሙን ማየት ይችላል?

ይችላል፤ መብቱም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በአገር ልማት የመሳተፍና ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። በተግባር ሲታይ ግን «የልማት ዕቅዱን ስጡኝ» ብሎ የሄደ ሰው ወይ አምስት መቶ ገጽ ይሰጠዋል ወይ ነገ ተመለስ ይባላል። ጠባብና የተወሰነ ጥያቄ የተሻለ መልስ ያገኛል። ስለ አንድ ፕሮጀክት የሚጠየቀው የአዋጭነት ጥናቱ መቼና በማን እንደተገመገመ፣ መጀመሪያ የተያዘው ጊዜና ወጪ ስንት እንደነበረ፣ ስንት ጊዜ እንደተሻሻለና በዚህ ዓመት ስንት ብር እንደተመደበለት ነው። የፕሮጀክቱ ባለቤት ፌዴራል ከሆነ ጥያቄው ለባለቤቱ ሚኒስቴር፣ የክልል ከሆነ ለቢሮው፣ የከተማ ከሆነ ለከተማ አስተዳደሩ ይቀርባል። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጎ በመዝገብ ቤት ማስገባት፣ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በቅጂው ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል፤ ምላሽ ካልተሰጠ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ቁጥር ነው።